ትናንት የቻለው ዛሬ አቃተው

ልጅ ካሳደጉ ሰዎች አፍ የማይጠፉ ጥቂት አባባሎች አሉ። «ይሄ ልጅ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛ ነበር፣ ምን ነካው?» «ሁሉም ሰው ጋ ይሄድ ነበር፣ አሁን አያቱን እንኳ ሲያይ እሪ ይላል።» «በፊት ስናቆመው ይራመድ ነበር፣ አሁን ተወው።» አነጋገሩ ሁሌም አንድ ነው። ግማሹ መገረም፣ ግማሹ ስጋት።

የሁለት ልጆች ወላጅ ነኝ። እነዚህን ሁሉ ብያቸዋለሁ። ከዚያ ምክንያቱን ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ፤ ማንበቡም ሱስ ሆኖብኝ ቀረ።

ስለ ሕፃናት እድገት የሚነገረን ነገር በአብዛኛው መሰላል ነው። በዚህ ወር አንገቱን ያቀናል፣ በዚያ ወር ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ይድሃል፣ ቀጥሎ ይቆማል። ስልኬ ላይ የጫንኩት መተግበሪያም «ልጅዎ አሁን ይህን መቻል ይጀምራል» እያለ በየሳምንቱ ይጨቀጭቀኝ ነበር። አጥፍቼዋለሁ። የሚለው ውሸት ሆኖ አይደለም። ወደ ላይ ብቻ ስለሚቆጥር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ግን እንደዚያ አያድግም። የቻለውን ይተዋል። የለመደውን ይረሳል። ተሻለው ሲባል ይብስበታል። እኔን የሚስበኝ ይሄኛው ወገን ነው። ወደ ኋላ የሄደ የሚመስልባቸው ጊዜያት፣ ቀረብ ብለው ሲያዩአቸው፣ አብዛኞቹ ከውስጥ ትልቅ ሥራ እየተሠራ ያለባቸው ጊዜያት ናቸው። አብዛኞቹ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው። ጽንስ መንቀሳቀስ የሚጀምረው በሰባተኛውና በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እናቱ ያኔ አታውቀውም። እሷ እንቅስቃሴው የሚሰማት ብዙውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እሱ ሥራ ላይ ነው። ይንጠራራል፣ ይዞራል፣ ስቅ ይለዋል፣ ጣቱን ይጠባል፣ የሽርት ውሃ ይውጣል። አየር በሌለበት ደረቱን እያነሳና እየጣለ መተንፈስ ይለማመዳል።

ከ25ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ድምፅ ሲሰማ ይነቃነቃል። ከውጭ የሚመጣው ድምፅ በሆድና በውሃ ታፍኖ ነው የሚደርሰው። የእናቱ ድምፅ ግን በአየር ብቻ ሳይሆን በገዛ ሰውነቷ በኩልም ስለሚያልፍ ከሌላው ሁሉ ጎልቶ ይሰማዋል። ይህን ማስታወሱ እንዴት ታወቀ? አሜሪካዊዎቹ አንቶኒ ዴካስፐርና ዊልያም ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ሙከራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከተወለዱ ሦስት ቀን ላልሞላቸው ሕፃናት የጎማ ጡት ሰጧቸው። ሕፃኑ የሚጠባበትን ፍጥነት ሲቀይር የሚሰማው ድምፅም ይቀየራል። በአንዱ አጠባብ የእናቱ ድምፅ፣ በሌላው የሌላ ሴት ድምፅ ይመጣል። ሕፃናቱ እናታቸውን ለመስማት ብለው አጠባባቸውን ቀየሩ። ሦስት ቀን ያልሞላው ልጅ!

ለቅሷቸው ራሱ የሰሙትን ቋንቋ ይከተላል። ካትሊን ቨርምከ የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 የ30 ፈረንሳውያንና የ30 ጀርመናውያን አራስ ሕፃናትን ለቅሶ አነጻጽረው ነበር። የፈረንሳውያኑ ለቅሶ ዜማው ከታች ወደ ላይ መውጣት ይቀናዋል። የጀርመናውያኑ ከላይ ጀምሮ ይወርዳል። ሁለቱም የወላጆቻቸውን ቋንቋ ዜማ ነው የተከተሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሰው ወዲያው ሩጫ ይጀምራል። ሆድ ላይ የጆሮ ማዳመጫ የሚያስቀምጡ አሉ። ሞዛርትን የሰማ ሕፃን ብልህ ይሆናል የሚለው ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከታተመ አንድ አጭር ጥናት ነው። የተጠኑት ግን ሕፃናት አልነበሩም፤ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ታየ የተባለው ውጤትም ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ የነበሩት ዜል ሚለር ለእያንዳንዱ አዲስ ሕፃን የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ይሰጥ ብለው በጀት ጠየቁ። እኔ እንደሚመስለኝ ጽንሱ የሚፈልገውን ድምፅ ቀድሞውኑ አግኝቶታል። እናቱ ስታወራ በቃ።

በእርግዝና ጊዜ ግን «ወደ ኋላ መሄድ» የእድገት ምልክት ነው ተብሎ የማይታለፍበት ጉዳይ አለ። «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል፣ ቦታ ይጠበዋል» የሚል አባባል በየቦታው ይሰማል። ልክ አይደለም። ቦታው ሲጠብ የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ከመራገጥ ይልቅ መግፋትና መንከባለል ሊበዛ ይችላል። መጠኑ ግን እስከ ምጥ ድረስ መቀነስ የለበትም። እናት «ዛሬ እንቅስቃሴው ቀነሰብኝ» ካለች በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። እስከ ነገ እንየው አይባልም።

አሁን ተወለደ እንበል።

አዲስ የተወለደ ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ በሩ ድንገት ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይባንናል። ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ከዚያ የሆነ ነገር የሚያቅፍ ይመስል ይሰበስባቸዋል። ስሙ የሞሮ ሪፍሌክስ (ሳይታሰብበት በራሱ የሚመጣ የሰውነት ምላሽ) ነው። ኤርነስት ሞሮ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 የገለጸው ስለሆነ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። መጥፋቱ ጥሩ ነው፤ ሐኪሞች የሚጠይቁት እንዲያውም ሳይጠፋ ሲቀር ነው። አውራ ጣታችሁን ጭብጥ አድርጎ አልለቅም የሚለው መዳፍም እንደዚሁ ነው። ያ ጭብጥ ካልለቀቀ ልጁ ነገር መርጦ ማንሳት አይችልም።

ከዚህ የረቀቀው ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የአራስ ሕፃናት ምዘና አለ። ከሙከራዎቹ አንዱ ቀላል ነው። የተኛ ሕፃን አጠገብ ሆኖ ቃጭል ነገር ማቃጨል። መጀመሪያ ይባንናል። ሲደገም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እንደገና ሲደገም ዓይኑን ብቻ ያርገበግባል። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ ምንም። ቀልቡን ያልሰጠ ሰው ቢያይ «ልጁ አይሰማም እንዴ?» ሊል ይችላል። ልጁ ግን ሰምቷል፣ ለይቷል፣ «ይሄ ምንም አያደርገኝም» ብሎ ትቶታል። እንቅልፉንም ጠብቋል። መማር ማለት አንዳንዴ መልስ መስጠትን ማቆም ነው። ዛሬ ስለ ሕፃናት አእምሮ ከምናውቀው ውስጥ ትልቁ ክፍል የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ነገር ደጋግመው ያሳዩታል፤ ይሰለቸዋል፤ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ትንሽ ይቀይሩታል። ተመልሶ ካየ ልዩነቱን አውቋል ማለት ነው። ሳይንሱ በመሰልቸት ላይ ነው የቆመው።

ወላጅን የሚፈትነው ግን እንቅልፉ ሳይሆን ለቅሶው ነው። ልጁ ሲወለድ ጸጥ ያለ ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ማልቀስ ይጀምራል። በሦስተኛው ይጨምራል። በአራተኛው ይብሳል። ሰዉ ሁሉ አስተያየት አለው። «ሆዱን ነው» ይላል አንዱ፤ «ወተቱ አልበቃውም» ይላል ሌላው። እኚሁ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ከ80 እናቶች የለቅሶ ማስታወሻ ሰብስበው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በቀን ወደ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ የነበረው ለቅሶ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ወጣ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። የሚበዛውም ሲመሽ ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ጤነኛ ልጆች ናቸው።

ካናዳዊው ሐኪም ሮናልድ ባር ይህን ወጥቶ የሚወርድ የለቅሶ ኩርባ ለዓመታት ተከታትሎታል። ልጆቻቸውን ቀኑን ሙሉ አዝለው በሚውሉት የካላሃሪ በረሃ ማኅበረሰቦች ዘንድም ኩርባው ያው ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ እያንዳንዱ ለቅሶ ማጠሩ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትም ለቅሷቸው የሚበረታው መወለድ ከነበረባቸው ቀን ተቆጥሮ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ስለዚህ ለቅሶው የሚመጣው ከእናትየው ስህተት አይደለም። ቀኑ ስለደረሰ ነው። ማቀፍ፣ ማዘል፣ እሹሩሩ ማለት ያሳጥረዋል፤ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ምንም ቢደረግ ዝም የማይልበት ሰዓትም አለ።

ይህን አስረዝሜ የምጽፈው በምክንያት ነው። ሰው ልጅ አንስቶ የሚነቀንቀው ብዙውን ጊዜ በዚሁ የለቅሶ ወቅት ነው። ሕፃን መነቅነቅ አንጎሉን ያደማል፤ ይገድላልም። ትዕግሥታችሁ ካለቀ ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ሌላ ክፍል ሄዳችሁ ተንፍሱ። አምስት ደቂቃ ብቻውን ቢያለቅስ ምንም አይሆንም። ትኩሳት ካለው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም የለቅሶው ድምፅ ከወትሮው ከተለየባችሁ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ ሐኪም።

ስድስተኛው ሳምንት መከራ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ለቅሶ ባለበት ሰሞን ነው ልጁ ዓይን ለዓይን ገጥሞ የሚስቀው። እስከዚያ በእንቅልፉ ፈገግ ይል ነበር። አሁን ግን ለእናንተ ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ መጣሁ። አራስ ልጅን በብብቱ ይዛችሁ፣ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ብታስነኩት ይራመዳል። አንዱን እግር ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። አያቶች ይስቃሉ፤ «ይሄ ቶሎ ይሄዳል» ይላሉ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ይተወዋል። እግሩን ብታስነኩት ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ለብዙ ዓመታት መልሱ አንጎል ነበር። አንጎሉ ሲበስል የጥንቱን ሪፍሌክስ ይከለክለዋል ተባለ። አሳማኝ ይመስላል።

ኤስተር ቴለን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ግን አንድ ነገር ከነከናት። እርምጃውን የተወው ልጅ በጀርባው ሲተኛ እግሩን ያንፈራግጣል። የሚያንፈራግጠውም በዚያው በእርምጃው ምት ነው። አንጎሉ ከልክሎት ከሆነ ሲተኛ ለምን አልከለከለውም? እግሮቹን ዓይታ ነው መልሱን ያገኘችው። በእነዚያ ሳምንታት ሕፃን በፍጥነት ይወፍራል። የሚጨምረው ግን ከጡንቻ ይልቅ ስብ ነው። እግሩ ከበደው፤ ማንሳት አቃተው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ መፈተሽ ይቻላል። ገና በሚራመዱ ሕፃናት እግር ላይ ትንሽ ክብደት ስትጨምር እርምጃቸው ቀነሰ። ከዚያ ሕፃናቱን እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ አቆመቻቸው። ውሃው እግራቸውን አቀለለው፤ እርምጃው በዛ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተመችው።

ያነበብኩ ቀን ልጄ መታጠቢያ ውስጥ ነበረች። ሦስት ወር አልፏታል። ብብቷን ይዤ ውሃው ውስጥ ቀጥ አደረግኳት። መጀመሪያ ጉልበቷን አጥፋ ቆየች። ከዚያ ቀኝ እግሯ ወጣ። ያ ወፍራም፣ ሁለት ቦታ የተከፋፈለ ጭኗ ከውሃው ብቅ ሲል አየሁት። ወረደ። ግራው ቀጠለ። ሙከራ አይደለም፤ እንዲሁ መንፈራገጥም ሊሆን ይችላል። ግን ጠፋ ያልነው ነገር እዚያው ኖሮ እግር ብቻ ከብዶበት እንደነበር ማየት ደስ ይላል። «ተወው» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ በጥርጣሬ ነው የምሰማው።

ጆሮ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ይሄኛው ግን እውነተኛ ማጣት ነው። የስድስት ወር ልጅ የዓለምን ቋንቋዎች ድምፅ በመለየት ከወላጆቹ ይበልጣል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ላይ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የሚያድጉ ሕፃናት አዋቂዎቹ ጨርሶ የማይለዩአቸውን የሂንዲ ድምፆች ይለዩ ነበር። ከ10 እስከ 12 ወር ሲሆናቸው ግን አብዛኞቹ አቃታቸው። ይህ የሚሆነው ጆሯቸው ስለደከመ አይደለም። ቤታቸው የሚነገረውን ቋንቋ ስለመረጡ ነው። የማያስፈልገውን ሲተዉ የሚያስፈልገውን ይበልጥ ጥርት አድርገው ይይዛሉ። በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው ቃላት መረዳት የሚጀምሩት።

ይህ በር እንዳይዘጋ ማድረግ ይቻላል? ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ይህን ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንዳሪን የተባለውን የቻይና ቋንቋ ከሚናገር ሰው ጋር ለ12 ጊዜ ያህል ተጫወቱ። የማንዳሪንን ድምፅ መለየት ቻሉ። ሌሎቹ ይህንኑ ሰው በቪዲዮ አዩት። ምንም አልያዙም። ተመሳሳይ ድምፅ፣ ተመሳሳይ ሰዓት፤ አጠገባቸው ሰው የለም፣ በቃ። ቴሌቪዥን ቋንቋ ያስተምረዋል ለሚሉ ወዳጆቼ የምነግራቸው ይህንን ነው። ይሰሙኛል ማለቴ አይደለም።

ከስምንት ወር በኋላ ያለው ጊዜ ብዙ ወላጅ «ልጄ ተበላሸ» የሚልበት ነው። ሰው ለየ። ይስቅላቸው የነበሩ ሰዎች ሲያነሱት ያለቅሳል። ከክፍሉ ስትወጡ ይጮሃል። ሌሊት ተኝቶ ያድር የነበረው ተመልሶ መንቃት ጀመረ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲመጡ ልጁ የተለወጠ ይመስላል። እውነትም ተለውጧል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዓይኑ የጠፋን ነገር ለመፈለግ ብዙም አይጥርም ነበር። አሁን እናቱ በሩን ዘግታ ብትወጣም አለች፤ የሆነ ቦታ አለች፤ እሱ ጋ ግን የለችም። ይህን ማወቅ ያስለቅሳል። ያላወቀማ ለምን ያለቅሳል?

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የራሱን ሦስት ልጆች እያየ የጻፈውን አንድ ጨዋታ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። እኔ ቁልፍ ወስጄ ልጄ እያየችኝ ከአንድ ጨርቅ ሥር ደበቅኩት። አነሳችው። ደገምን። አነሳችው። ከዚያ አሁንም እያየችኝ ከሁለተኛው ጨርቅ ሥር አደረግኩት። ዓይኗ ሁለተኛው ጨርቅ ላይ ነበር። እጇ ግን ወደ መጀመሪያው ሄደ። ጨርቁን አንስታ ባዶውን መሬት አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ በጣም በቅሬታ። ከ8 እስከ 12 ወር ያሉ ልጆች ይህን ያደርጋሉ። ለምን የሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ የሚታየኝ እጅ የለመደውን ማቆም ከማወቅ በኋላ የሚመጣ ችሎታ መሆኑ ነው። ይህ ችግር አዋቂ ላይም ይታያል፤ ሲጋራ ሊያቆም የሞከረን ሰው ጠይቁ።

መሄድ ላይ ደግሞ ነገሩ ያስቃል። ዓመት ገደማ የሞላው ልጅ የመዳህ ጌታ ነው። ፈጣን ነው፣ ብዙም የሚወድቅ አይመስልም፣ የት እንደሚወርድ ያውቃል። ታዲያ ይህን ሁሉ ትቶ ለምን ይነሳል? ወፌ ቆመች ስንለው ደስ ስለሚለው ብቻ ነው? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች እንደልባቸው ሲጫወቱ ቆጥረዋቸዋል። በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ፣ 17 ውድቀት። ግን ጀማሪ ተራማጅ ከጎበዝ ዳሂ ይልቅ ብዙ ርቀት ይሸፍናል፤ ከሄደው ርቀት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከዳሂው የበለጠ አይወድቅም። ሂሳቡ ያዋጣዋል።

የሚያስፈራው ክፍል ግን ይህ ነው። አዶልፍ ቀደም ሲል ሕፃናትን በዘቅዛቃ ወለል ላይ ፈትናቸው ነበር። ለሳምንታት የዳሁ ልጆች ቁልቁለቱ የማያስወርድ ሲሆን ጫፉ ላይ ቆመው እምቢ ይላሉ። እነዚያው ልጆች መሄድ ሲጀምሩ ያንኑ ቁልቁለት ዘለው ይገቡበታል። እየዳሁ ያወቁት ሲቆሙ አብሯቸው አልተነሳም። እንደገና ይማሩታል። ስለዚህ «ልጄ ደረጃውን ያውቀዋል» ያለ ወላጅ ልጁ መሄድ የጀመረ ሳምንት እንደማያውቅ ቆጥሮ በሩን ይዝጋ።

ስለ ጊዜ ገደቡ ብዙ ማለት አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ የተሰበሰበ መረጃ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መሠረት ጤነኛ ልጅ ያለ ድጋፍ የሚሄደው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው ያለፉት። የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ ተብሎ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ከዓመት ተኩል በኋላ «እምቢ» ይመጣል። «የኔ ነው» ይመጣል። መሬት ላይ ተዘርሮ መጮህ ይመጣል። እሺ ባይ የነበረው ልጅ ጠፋ። በዚህ ዕድሜ ውስጥ ግን ሌላም ነገር እየተካሄደ ነው። አፍንጫው ላይ ቀለም ተቀብቶ መስታወት ፊት የቆመ ልጅ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ልጅ ሳይሆን የራሱን አፍንጫ መንካት የሚጀምረው ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። «እኔ» የሚባል ሰው ተገኘ ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ ፍላጎት አለው። ሌላውም እንዳለው ይገባዋል። ቤቲ ሬፓኮሊና አሊሰን ጎፕኒክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሙከራ ተመራማሪዋ ልጁ ፊት ብሮኮሊ ቀምሳ ትደሰታለች፤ ልጁ የሚወደውን ብስኩት ቀምሳ ፊቷን ታጨማድዳለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ «ስጠኝ» ትለዋለች። የ14 ወር ልጅ ብስኩቱን ይሰጣታል፤ እሱ የሚወደው እሱን ነዋ። የ18 ወሩ ብሮኮሊውን ይሰጣታል።

ለእኔ «እምቢ»ው የሚገባኝ ከዚህ ጋር ሳየው ነው። አንቺ የምትፈልጊውና እኔ የምፈልገው የተለያየ መሆኑን ያወቀ ሰው ልዩነቱን መፈተሹ አይቀርም። ይህን መገንዘቤ ግን ልጁ ሱፐርማርኬት ውስጥ እንዲህ ያለውን ትዕይንት ሲያስነሳ ትዕግሥት አይጨምርልኝም፤ ላፍታ ብቻ ያረጋጋኛል።

አንድ እውነተኛ ወደ ኋላ መመለስም አለ። እህቱ ስትወለድ ትልቁ ልጄ ጡጦ ጠየቀ። በብርጭቆ መጠጣት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። አፉን ኮልተፍ አድርጎ ማውራት ጀመረ፤ ሽንቱንም ሱሪው ላይ መልቀቅ። ጡጦውን ሰጠሁት። ጠባ፣ ጠባ፣ ከዚያ አውጥቶ አየውና «አይመጣም» ብሎ መለሰልኝ። ጡጦ አላማረውም ኖሯል። የሚፈልገው ጡጦ የያዘን ልጅ ሰዉ የሚያቅፈውን አስተቃቀፍ ነበር። ቤት ሲቀየር፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ፣ ልጅ ታሞ ሲነሳ የዚህ ዓይነት ነገር የተለመደ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

አሁን «ሁሉም አላልኩም» ወዳልኩት። ከላይ የዘረዘርኳቸው የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አንድ ነገር ሲጠፋ ሌላው ሲገባ ይታያል። እርምጃው ጠፋ፤ ልጁ ግን ያያል፣ ይስቃል፣ አንገቱን ያቀናል። ዝም ብሎ የጠፋ፣ ምንም ያልተካው ነገር ሌላ ነው። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉ፣ መኮላተፉ ከቆመ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ይል የነበረ ልጅ መዞር ከተወ፣ ዓይን ማየት ከሸሸ፣ ይቀመጥ የነበረ መቀመጥ ካቃተው «ያልፋል» አይባልም። በማንኛውም ዕድሜ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ግን መባነኑ ነው። የሞሮ ሪፍሌክስ የሚመጣው ድምፅ ሲሰማ ወይም ጭንቅላቱ ድንገት ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፤ እድሜው ሲገፋም ይቀራል። ከሦስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የሚጀምር፣ ምንም ድምፅ ሳይኖር የሚመጣ፣ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ በየጥቂት ሰከንዱ እየተደጋገመ ልጁን እጥፍ እያደረገ የሚሄድ መባነን ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሆድ ቁርጠት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ቶሎ መታከሙ ለአንጎሉ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሐኪሙ ፊት ስትደርሱ ልጁ ደኅና ሆኖ ይስቃል፤ የሚያሳያችሁም ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሲመጣበት በስልካችሁ ቅረጹት። ከዚያ ሳትዘገዩ በዚያው ቀን ቪዲዮውን ይዛችሁ ሂዱ።